ዶኛ ቼፒታ ስልካቸውን የጣሉበት ምክንያት

ውድ እህቴ አዙሴና፣

ከሁሉ በፊት እማዬ ደህና ናት። ይህንኑ በስልክ ጽፌልሽ ነበር፤ ግን አውቅሻለሁ፣ በሁለት መስመር መልእክት ልብሽ የሚያርፍ ሰው አይደለሽም። ደህና ናት አልኩሽ። ቅድም ሙዝ አበላኋትና ልጣጩን ፊቴ ላይ ወረወረችው። ከዚህ በላይ ደህንነት ምን አለ?

ዶኛ ቼፒታ በቀጥታ ስርጭት የላኩልሽን ቪዲዮ አይተሽ እንደደነገጥሽ ይገባኛል። ስልኩ ደጋግሞ ሲጮህ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ስምሽ ሲበራ ሲጠፋ እያየሁ አላነሳሁም። ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። «ሄሎ» ካልኩ በኋላ ያለው ነገር ለእኔ ገደል እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ጉዳይ ደግሞ እየተንተባተብኩ ላበላሸው አልፈለግኩም።

ያየሽው ይህን ነው፦ እኔ በራችን ላይ እንደ ግንድ ተገትሬ፣ መንገዱ ሙሉ ሰው አፍጥጦብኝ፣ አንዱ ሲስቅ፣ ከዚያ ዶኛ ቼፒታ «እመቤቴ!» ብለው ሲጮሁ፣ ከዚያ ጨለማ። ስልኩ ድንጋይ ላይ ወድቆ ስለተሰበረ ቀሪውን ማንም አልቀረጸውም። እኔ ወድቄ የሞትኩ መስሎሽ ይሆናል። ወይም እማዬ። አይደለም። ነገ ዶን ፊሌሞን በአውቶቡስ ወዳንቺ ወደ ሳን ሆሴ ስለሚመጡ ይህን ደብዳቤ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ካቃተኝ በበራቸው ሥር አሾልከዋለሁ። በሞቴ፣ መጨረሻውን ቀድመሽ አታንብቢ።

ከእመቤታችን በዓል በፊት በስልክ ያወራነውን ታስታውሻለሽ።

«ዘንድሮ በሩን ዝጉትና ይለፍ» አልሽኝ።

«እማዬ እሺ አትልም።»

«ምን ብላ ነው እምቢ የምትለው? ‹ነገ› ብላ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ስትሮኩ ከመታት ወዲህ ከአፏ የሚወጣው ያ አንድ ቃል ብቻ መሆኑ አንዳንዴ ያስቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንጀት ይበላል። ራበሽ ወይ? «ነገ።» ትራሱን ላስተካክልልሽ? «ነገ።» ስትናደድ «ነገ!» ስታለቅስም «ነገ...»።

«እንግዲያው የደጁን ጥሪ በእማዬ ፋንታ ዶኛ ቼፒታ ይጩሁልን» አልሽ። «ከጎረቤትም በላይ ቤተሰብ ማለት ናቸው። አንተ ግን አትሞክረው፣ ባዮ። አትችለውም። እዚያ ደርቀህ ትቀርና ሰው ይስቅብሃል፣ እማዬም የባሰ ታዝናለች።»

«እሺ» አልኩ። እኔ እኮ ለሁሉም ነገር «እሺ» ነው የምለው።

በክፋት እንዳላልሽው አውቃለሁ። አንቺ አፌ ነበርሽ። «ስምህ ማነው?» ሲሉኝ «ባያርዶ ነው» የምትዪው አንቺ። መምህሩ ሲጠይቀኝ ከኋላ ወንበር የምትመልሺው አንቺ። ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ ለሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ያሳየሽውም አንቺ ነሽ። አዙሴና፣ ይህን እስከዛሬ አልነገርኩሽም፣ ያሳየሽው ጥርስ ጤነኛው ነበር። አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ጤነኛው ተነቀለ። ማታውን ሙሉ በታመመው ሳቃስት «የተነቀለበት ቦታ ነው፣ ይሽርልሃል» እያልሽ ጉንጬን በጨርቅ ታሞቂልኝ ነበር። አልከስሽም። ግን እንደዚያም ነበር የምኖረው፣ ይኸው አወቅሽ።

አሁንስ ምን ተሻሽሏል? በኋላ ክፍል ተቀምጬ ለሰው ልደት ፒኛታ እሠራለሁ፤ ኮከብ፣ በሬ፣ ዓሣ። በወረቀትና በሙጫ ሠርቼ ሆዱን በከረሜላ እሞላለሁ፤ ልጆች በዱላ ቀጥቅጠው ሲያፈርሱት ግን አንድም ቀን አላየሁም። ልደት ላይ ሲጠሩኝ ሙጫው አልደረቀም እላለሁ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ተወዛዋዥ ወንበሩን ይዞ በየደጁ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። ዳቦ ለመግዛት በዚያ ሁሉ ወንበር ፊት ማለፍ፣ ለእያንዳንዱ «ደህና አመሻችሁ» ማለት፣ «እማዬ እንዴት ናት?» ሲሉኝ መቆም። መቆሙ ነው የሚገድለኝ። እጄን የት ላድርገው? መቼ ነው የምሄደው? ስለዚህ በመቃብሩ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሰልፍ ካለ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ዳቦም አይገባም።

የእማዬ ስለት ነገር ነው እንጂ እኔስ በሩን በሚስማር በመታሁት ነበር። ስለቱ በእኔ ነው። እትብቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁሬ፣ ሳላለቅስ ተወለድኩ። አዋላጇ ጨርቅ ልትጥልብኝ ስትል እማዬ «እመቤቴ፣ ድምፁን ስጪኝ፣ እኔ ደግሞ እስክሞት ድረስ በየዓመቱ ከደጄ ላይ ቆሜ በድምፄ እጠራሻለሁ» አለች። አለቀስኩ። ሌላው ቤት ለማርያም ፅንሰት ዋዜማ ከመንገድ የመጣው ሰው ይጠይቃል፣ ሁሉም ይመልሳል። የእኛ ቤት ግን ጠያቂዋ እማዬ ናት። በሩ ላይ ወጥታ «ለዚህ ሁሉ ደስታ ምክንያቱ ማነው?» ስትል መንገዱ በአንድ አፍ «የማርያም ፅንሰት!» ይላል። ከዚያ ነው ገብተው የሚዘምሩት፣ ከዚያ ነው ሸንኮራውና ሎሚው የሚታደለው። አንድም ዓመት አልጎደለባትም። አባዬ በሞተበት ዓመት እንኳ ጥቁር ለብሳ ጮኻለች።

እንግዲህ በዕለቱ ከጠዋት ጀምሮ መሠዊያውን ሠራሁ። ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ኮከቦቹን ራሴ ነኝ የሠራኋቸው፣ መቼም ሳሞግስ አልሰማሽኝም፣ ግን ያምሩ ነበር። ዶኛ ቼፒታ ነጭ አበባ አምጥተው የእመቤታችንን ምስል ከበቡልኝ። እማዬን አጥቤ ያንን ቢጫ ቀሚሷን አልብሼ ከመሠዊያው አጠገብ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። ደህናውን እጇን አበባው ላይ አድርጋ «ነገ፣ ነገ፣ ነገ» እያለች ታንጎራጉር ነበር።

ዶኛ ቼፒታ «እህቴ ቤት ደርሼ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ደወል ሳይደወል እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። እኔም አመንኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ግን እሳቸው የሉም። የሰዉ ግፊያ ይዟቸው ይሆናል፣ ከተማው ያን ዕለት መተላለፊያ እንደሌለው ታውቂያለሽ። በመስኮቱ ቀዳዳ ባየሁ ጊዜ ማዳበሪያ ከረጢት የያዙ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ጎረምሶች ጥጉ ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል። እንዴት ብዬ ነው ያንን በር የምከፍተው? ከፍቼስ ማንን ነው የማየው? ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ውሃ ጠጣሁ፣ አልተላቀቀም።

ያን ጊዜ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት ብዬ ስናገር እንዳትስቂ። ጠረጴዛውን በጓሮ በኩል አውጥቼ ደጃችን ላይ አደረግኩት፤ ሸንኮራውን፣ ሎሚውን፣ በስኳር የተቀቀለውን ዱባ በየሳህኑ ደረደርኩ፤ እየሮጥኩ ተመልሼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ይውሰዱና ይሂዱ፣ ሁሉም የሚመጣው ለዚሁ አይደል? አልኩ።

የካቴድራሉ ደወል ተደወለ። ርችቱ ፈነዳ። እማዬ ቀና ብላ በሩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ውጭ ጫጫታ ነበር፣ ወዲያው ጸጥ አለ። ማንም አንድ ሎሚ አልነካም። ከዚያ በሩ ተደበደበ።

«አንተ የኤርሜሊንዳ ልጅ!» አሉ አንዲት ከሱቲያባ ሰፈር የሚመጡ አሮጊት፣ ድምፃቸው ግድግዳ ይበሳል። «ይህ ምንድነው? ሳንጠራ እየለቀምን የምንሄድ ዶሮዎች ነን እንዴ?»

«ምጽዋት ነው እንዴ የሚሰጠን?» አለች ሌላዋ። «እኛ እመቤታችንን ልናወድስ ነው የመጣነው። ሸንኮራማ ገበያም አለ!»

«ተዉት፣ ተዉት» አለ አንድ የማውቀው ድምፅ። ኖርቪን ነው፣ ያ ትምህርት ቤት «ኤሊው» ብሎ ስም ያወጣልኝ። «ኤሊው እኮ ነው፣ አንገቱን እስኪያወጣ ትንሣኤ ይደርሳል!»

ሳቁ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሳህኖቹን አንድ በአንድ መልሰው ደጃፉ ሥር ሲያስቀምጧቸው ይሰማኝ ነበር። የእማዬን በር እንዳዋረድኩ ያኔ ገባኝ። ያለ ጥሪ መስጠት ስድብ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን ሰውን ያደነቁራል።

በዚህ መሀል ዶኛ ቼፒታ በጓሮ በር እያለከለኩ ገቡ። «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ምን ሠራህ አንተ ልጅ? ሰዉ ሊሄድ ነው! ክፈት፣ ክፈት፣ እኔ እጮሃለሁ!» አሉና በሩን ራሳቸው ወለል አድርገው ከፈቱት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፋቸውን ሲከፍቱ ከኋላችን ቋ! ቋ! ቋ! የሚል ነገር ተሰማ። እማዬ ናት። ማንኪያዋን አንስታ ቆርቆሮ ሳህኗን ትቀጠቅጣለች። ዓይኗ ፈጧል። «ነገ! ነገ!»

«ምንድነው፣ ኤርሜሊንዳዬ? እኔ ልጩህልሽ እንጂ» አሉ ዶኛ ቼፒታ።

ቋ! በማንኪያው ጠቆመች። ወደ እኔ።

«እማዬ፣ አልችልም» አልኳት። ቀስ ብዬ። «አልችልም፣ ታውቂያለሽ።»

ማንኪያው አልወረደም። ዶኛ ቼፒታ እኔንና እሷን አዩና ከበሩ ዞር አሉ። «እንግዲህ ስለቱ የናንተ ነው። እኔ ለአዙሴና በቀጥታ አሳያታለሁ» ብለው ስልካቸውን አወጡ። ቪዲዮሽ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በሩ ላይ ቆምኩ። አዙሴና፣ አንቺ ያየሽው ዝም ብዬ ስቆም ነው፤ ውስጤን ግን ልንገርሽ። ሁሉም ፊት አንድ ላይ ታየኝ፣ አንዱንም ግን አልለየሁትም። እጄ የእኔ አልመስል አለኝ። ቃላቱን በልቤ እደጋግማቸዋለሁ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማኋቸው አምስት ቃላት ናቸው፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። አሁን ድምፄ ይሰነጠቃል፣ አሁን ይስቃሉ፣ ደግሞ ማንም ባይመልስልኝስ? ጮኼ መንገዱ ዝም ቢልስ?

«ኤሊው ወጣ!» አለ ኖርቪን። «ቶሎ ቅረጹት፣ ይህ ዳግም አይገኝም!»

ቪዲዮው ላይ የሰማሻት ሳቅ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። እጄን በሩ ላይ አደረግኩ። ልዘጋው ነበር። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ ልዘጋው ነበር።

ቋ! አለ ከኋላዬ።

«ለዚህ...» አልኩ። የወጣው የጫጩት ድምፅ ነው። አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደፊት አዘነበሉ። ትንፋሼን ሳብኩ። «ለዚህ ሁሉ ደስታ...» አልኩና እዚያው ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ። በቃ ተዘጋ። ዓይኔ እንባ ሞላ። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ይህን ጊዜ ትጨርሺልኝ ነበር።

ከኋላዬ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ እንደ ድሮዋ በአፍንጫዋ ትንሽ ይዛ፣

«የማርያም ፅንሰት!»

ዶኛ ቼፒታ «እመቤቴ!» ብለው ጮሁ፣ ስልካቸውም ወደቀ። ምክንያቱ ይህ ነው። እማዬ ናት የመለሰችው። እናታችን። ሙሉ ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል።

እኔ ዞርኩ። እሷም በራሷ ደንግጣ ማንኪያውን እንደያዘች አፏን ከፍታ ታየኛለች፤ ከራሷ አፍ የወጣውን ያላመነች ትመስላለች። ሰው ሁሉ ከጀርባዬ ቀረ። እምልልሻለሁ፣ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ረሳሁት። እንደገና እንድትናገር ብቻ ነበር የፈለግኩት። ፊቷን እያየሁ፣ በሙሉ ጉሮሮዬ፣ እንደ እብድ፣

«ለዚህ ሁሉ ደስታ ምክንያቱ ማነው?!»

«የማርያም ፅንሰት!» አለች። በዚህኛው ጊዜ መንገዱ ሁሉ አብሯት አለ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፄ እንደዚያ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የአባዬን ይመስላል።

ከዚያማ ምን ልበልሽ። ገቡ፣ ዘመሩ፣ አሮጊቷ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ፤ እኔም ደርቄ ተሳምኩ። ኖርቪን ሸንኮራውን ተቀብሎ «ኤሊው፣ ጉሮሮህ ደህና ነው እንዴ?» አለኝ፤ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ምናልባት ምንም አልመለስኩም። ዶኛ ቼፒታ ለመጣው ሁሉ «ተናገረች! ተናገረች!» ይላሉ፤ «ስልክዎ ተሰበረ እኮ» ሲሏቸው «ስልኬ ገደል ይግባ!» ይላሉ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እኔ እጠይቃለሁ፣ እማዬ ትመልሳለች። ሸንኮራው እስኪያልቅ፣ ድምፄ እስኪሻክር።

ሰው ሁሉ ሲሄድ እግሯ ሥር ተንበርክኬ «እማዬ፣ ውሃ ልስጥሽ?» አልኳት። ትናገራለች ብዬ። «እሺ» ትለኛለች ብዬ። አየችኝ፣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ታገለች።

«ነገ» አለች።

አለቀስኩ፣ አዙሴና። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷም በደህናው እጇ ፀጉሬን እየደባበሰች «ነገ፣ ነገ» ትለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለችው የንግግር ባለሙያ፣ ዶኛ ቼፒታ ሄደው ጠይቀውልኝ፣ ጸሎትና መዝሙር አእምሮ ውስጥ ከሌላው ንግግር ለብቻው የሚቀመጥበት ጊዜ አለ፣ በዚያ በኩል ሞክሩ አለች። በማግስቱ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሙቀቱ አይቻልም፣ ደጁ ላይ ወንበሮቹ ሲወዛወዙ ይሰማል። እንዳይሰሙኝ ብዬ በጆሮዋ በሹክሹክታ «ለዚህ ሁሉ ደስታ ምክንያቱ ማነው?» አልኳት። ዝም። ትንሽ ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ዝም ብላ ታየኛለች፣ ትጠብቃለች። በሹክሹክታ አልጠራችም እኮ፣ አንድም ዓመት።

ገባኝ። መስኮቱንና እሷን እያፈራረቅኩ አየሁ። ዘግቼው ልጩህ አልኩ፤ ከዘጋሁት ደግሞ በሙቀቱ ትታፈናለች። ፈራሁ፣ ያው እንደ ወትሮው። ከዚያ ጮህኩ። ደጁ ላይ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ቆሙ። ልቤም አብሮ የቆመ መሰለኝ።

«የማርያም ፅንሰት!» አለች እማዬ፣ እየሳቀች።

ከዚያ ወዲህ በየማታው እጮሃለሁ። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ዳቦ ለመግዛት አሁንም በመቃብሩ በኩል ነው የምዞረው፤ ትናንትም ሰልፉን አይቼ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ግን የእናቴን ድምፅ መስማት ስፈልግ ሌላ መንገድ የለኝም። ስለዚህ በየቀኑ እፈራለሁ፣ በየቀኑም እጮሃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደውዪ። አነሳለሁ። «ሄሎ» ካልኩ በኋላ ምንም አልል ይሆናል፣ አትቆጪኝ፣ አትዝጊውም። ስልኩን ከጆሮሽ ትንሽ ራቅ አድርጊው፣ ምክንያቱም ልጮህ ነው። ስጠይቅ ደግሞ አደራሽን፣ መልሱ ምላስሽ ጫፍ ላይ ቢመጣም፣ ለእኔ ብለሽ እንዳትመልሺ። ዝም ብለሽ ስሚያት።

ወንድምሽ ባያርዶ፣ ኤሊው
ሌዮን